ቀለም የቀባሁት ግድግዳ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት በቢሯችን አዳራሽ ጋቢ ደረቡልኝና አንድ ወጣት ባልደረባዬ መድረክ ላይ ወጥቶ «የመጸዳጃ ቤት አባት» ብሎ ጠራኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ምን አለፋችሁ፣ ዕድሜዬን በሙሉ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ሆኜ ጉድጓድ ሳስቆፍር፣ ምንጭ ሳስጠርግ፣ ሥጋ ቤት ስፈትሽ ኖሬ በዚህ ብጠራ አይከፋኝም። የከፋኝ ሌላ ነው። ልጁ የሥራ ታሪኬን ከወረቀት ሲያነብ «በሞዴል ቤተሰብ ሥራ ላቅ ያለ ውጤት ያስመዘገቡ» የሚል ቦታ ላይ ደረሰ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። እዚያ ላይ ደሜ ፈላ። ያ ላቅ ያለ ውጤት ምን እንደነበረ የማውቀው እኔ ነኝ። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ከእናቷ ቤት የወጣችበት ውጤት ነው። ስለዚህ ሳይነበብ የቀረውን ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ፤ የሚቀየም ይቀየም።

የምጽፈው ስለ ሻጋታ ነው። አዎ፣ ስለ ሻጋታ! ገና ከአሁኑ ፈገግ የሚል ሰው ይታየኛል። እንጀራ ላይ የሚወጣውን፣ ገበታ ሲያበላሽ የምንጥለውን እንጂ ግድግዳ ላይ ወጥቶ ሰው የሚያሳምመውን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? እኔም ባልማር ኖሮ እስቅ ነበር።

ሥራ የጀመርኩት ግሼ፣ ራቤል ነው። ብርዱን የቀመሰ ያውቀዋል። ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለካልሲ ነበር የሚበቃኝ ብል ብዙም አላጋነንኩም። ግን እዚያ ጋሼ ተሰማን አገኘሁ። ጋሼ ተሰማ አንጋፋ የጤና ተቆጣጣሪ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግራቸው ቁጥብ። ገጠር ውስጥ ቦርሳ የያዘ ሁሉ «ዶክተር» ነው፤ እሳቸውን ግን ሰዉ «ግድግዳ ዳባሹ» ነበር የሚላቸው።

ምክንያቱም አንድ ቤት ሲደርሱ ቶሎ አይገቡም። ባለቤቶቹ «ይግቡ እንጂ፣ ኧረ ይግቡ» እያሉ ሲለምኗቸው፣ እሳቸው ቤቱን በውጭ ይዞሩታል። ጠፈጠፉ የት እንደሚወርድ፣ ከጀርባ አፈር ተቆልሎ ግድግዳውን ተደግፎ እንደሆነ ያያሉ። ከገቡ በኋላም አይቀመጡም። የእጃቸውን ጀርባ ግድግዳው ላይ ያሳርፋሉ፤ ከቁርጭምጭሚት፣ ከወገብ፣ ከራስ በላይ። «መዳፍህን ሥራ አደንድኖታል፣ ብርዱንም እርጥቡንም አይለይልህም። በጀርባው ንካ» አሉኝ በመጀመሪያው ሳምንት። ቀጥለው «እዚህ ጋ ማን ነው የሚተኛው?» ይላሉ። አልጋውን ከግድግዳው አስለቅቀው ኋላውን ሳያዩ የወጡበት ቤት አላውቅም።

ከኪሳቸው የማትጠፋ መዳፍ የምታህል ላስቲክ ነበረቻቸው። ዙሪያዋን በፕላስተር አድርገው ግድግዳው ላይ ይለጥፏትና በማግስቱ ተመልሰው ያዩዋታል። ጠብታው ከላስቲኩ ሥር ከሆነ ውኃው የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው። ከላዩ ከሆነ ደግሞ የቤቱ የራሱ ነው፤ የሰዉ ትንፋሽ፣ የበጉ ትንፋሽ፣ የድስቱ እንፋሎት መውጫ አጥቶ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ አርፏል ማለት ነው። «መጀመሪያ ውኃውን ያዝ፣ ከዚያ ሻጋታውን አጥራ። ውኃውን ሳትይዝ ብታጠራ ለሚመጣው ክረምት እንደገና ታጠራዋለህ» ይሉኝ ነበር።

የተቆጡኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንዲት ባልቴት ቤት ጥግ ላይ ያየሁትን ሻጋታ ትጉህ ለመምሰል መጥረጊያ አንስቼ ደረቁን ጠረግሁት። ጋሼ ተሰማ መጥረጊያውን ከእጄ ነጠቁኝ። «ምን እያደረግህ ነው? ግድግዳው ላይ ተቀምጦ የነበረውን ሳንባቸው ውስጥ እያስገባኸው እኮ ነው! ሰዉን አስወጣ፣ በሩን ክፈት፣ አርጥበው፣ ከዚያ በጨርቅ አብስ!» አሉ።

ይህን የምጽፈው ሳልማር ያጠፋሁ እንዳይመስላችሁ ነው። ተምሬ ነበር።

ከራቤል በኋላ ወደ መንዝ ተዛወርኩ። ወረዳውንም ቀበሌውንም አልጠራም፣ ስሞቹንም ለውጫለሁ፤ ሰዎቹ በሕይወት አሉ። በዚያን ጊዜ ምድጃ ከመኖሪያ ቤት ይውጣ፣ ማብሰያው ለብቻው ይሠራ እያልን ቤት ለቤት እንዞር ነበር። ልክ ነን። ጭስ የስንቷን እናት ዓይንና ሳንባ ጨርሷል! ግን የመንዝ የድንጋይ ቤት ይደርቅ የነበረው በዚያ እሳት ነው። እሳቱን ስናስወጣ መስኮቱን ማስገባት ነበረብን፤ እሱን ለወጉ ተናግረን አለፍነው። ሰዉ ደግሞ ውርጩን ያውቀዋል፤ መስኮቱን እንኳን ሊከፍተው በከረጢት ይወትፈዋል። የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ተተካ፣ ከሥሩ ላስቲክ ተወጠረ፣ የጭቃው ልስን ወጥቶ በሲሚንቶ ተለሰነ። እኛም «ቤቱ ዘመነ» ብለን ፎርም ላይ ምልክት አደረግን። እኔን ብሎ ባለሙያ!

በቀበሌው ሁሉን ቀድመው የሰሙን ቄስ ገብሬ ናቸው። የደብሩ አገልጋይ ነበሩ፤ ገብስ ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ። ምድጃ አውጡ ሲባሉ አወጡ። ሲሚንቶ ይሻላል ሲባሉ ሁለት ሙክት ሸጠው ሲሚንቶ አስጫኑ። እኛን በማመናቸው ነው መከራ ያዩት። ቤታቸው ለሞዴልነት ተመርጦ የዞን እንግዶች ሊጎበኙት በሳምንቱ ይመጣሉ ተብሎ ለማየት ሄድኩ። መስከረም መባቻ ነው፤ ክረምቱ ገና አልወጣም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነበች በር ላይ ተቀበሉኝ። «ዶክተር፣ እስቲ ይህቺን ልጅ ይዩልኝ። ክረምት በገባ ቁጥር ደረቷ ያፏጫል። ዘንድሮስ ጭራሽ ባሰባት» አሉኝ። ልጅቱ ማኅሌት ትባላለች፤ አልጋ ላይ የበግ ጠጉር ባና ተከናንባ ተቀምጣለች። አልጋው ከምሥራቁ ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ነው። ግድግዳው ላይ መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ኋላ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅላለች። የቤቱ ሽታ ገና ደጃፍ ላይ ነግሮኛል፤ ውኃ የቋጠረ ጭድ ይሸታል። ከውጭ ስዞረው ቤቱ ዳገቱ ተቆፍሮ የተሠራ ነው፤ አፈሩ የምሥራቁን ግድግዳ እስከ ደረት ድረስ ተደግፎታል።

«አባ፣ ሥዕሏን ከዚያ ላይ ቢያወርዱልኝ» አልኩ። ቄስ ገብሬ በነጠላቸው ጠቅልለው ራሳቸው አወረዷት። ግድግዳው ጠቁሯል፤ ጥቁርና አረንጓዴ ሆኖ ጠጉር አብቅሏል።

«በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። «እኔ እኮ ጠዋት ማታ እዚህ ፊት ቆሜ ነው የምጸልየው!»

ወደ ቢሮ ተመልሼ ለኃላፊው ሁሉንም ነገርኩት። ከጀርባ ያለው አፈር ተቆፍሮ ይነሣ፣ ቦይ ይውጣለት፣ የውስጡ ሲሚንቶ ይፈርፈር፣ መስኮት ይከፈት አልኩ።

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«አንድ ወር ቢያንስ።»

«እንግዶቹ ሐሙስ ናቸው።»

«እንግዲያው ሌላ ቤት እናሳያቸው።»

«የሰውዬው ስም ተልኳል እኮ!» ብሎ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ሻጋታ ደግሞ በሽታ ነው እንዴ? እስቲ የትኛው ዓምድ ላይ ነው የምትሞላው? ቀለም ቀባውና ገላግለን።»

እውነቱን ነው፤ ዓምድ አልነበረውም። የወባ አለው፣ የተቅማጥ አለው፣ የጉድጓድ አለው፣ የሻጋታ የለውም። ግን እኔ አፍ ነበረኝ። አልቀባም ማለት እችል ነበር። አላልኩም፤ የደረጃ እድገት እየጠበቅሁ ነበር። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት ብፈልግ አላገኝም።

ረቡዕ ዕለት ባልዲ ቀለምና የሽቦ ብሩሽ ይዤ ሄድኩ። ውጪው ካፊያ ነው፣ ነፋሱ ይጋረፋል። ወይዘሮ ዘነበች ልጃቸውን እያዩ «ዶክተር፣ ከጎረቤት ላስቀምጣት?» አሉኝ። ልብ በሉ፤ እናቲቱ ጠይቃኛለች! ያልተማረችው እናት ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቀች፤ የተማርኩት እኔ ምን አልኩ? «ብርድ ይመታታል፣ ትተኛ። ቶሎ ነው የምጨርሰው።»

በሩንም ራሴ ዘጋሁት። አልጋውን ሁለት ክንድ ያህል ወደ መሐል ጎተትኩና ግድግዳውን ደረቁን በሽቦ ብሩሽ እፈገፍገው ጀመር። ብናኙ በበሩ ስንጥቅ በምትገባው ብርሃን ውስጥ ሲንሳፈፍ አየሁት። በዓይኔ አየሁት! አፍንጫና አፌን በሻርፕ አስሬ ነበር። የራሴን አሰርኩ፤ ልጅቱን ማን ያስባት? ባናውን እስከ ዓይኗ ስባ «ጨረስክ?» ትለኛለች። «ጨርሻለሁ፣ ጨርሻለሁ» እላታለሁ። ከዚያ በላዩ ላይ ክሬም ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባሁበት። ሲያዩት ያምራል።

ሐሙስ እንግዶቹ መጡ፣ አጨበጨቡ፣ ፎቶ ተነሡ። የሞዴልነት ሰርተፊኬቱን በመስታወት አሠርተው አምጥተው ስለነበር እዚያው ግድግዳ ላይ በሚስማር መቱት። ማኅሌት አደይ አበባ ይዛ እንድትቆም ተደረገ። ስታስል ኃላፊያችን «ጉንፋን ነው፣ የመስከረም ነገር» ብሎ ለእንግዶቹ አስረዳ። እኔ ከኋላ ቆሜ የጫማዬን ጭቃ አያለሁ።

ዓርብ ጠዋት ልጅቷ ትንፋሽ አጠራት። ከንፈሯ ጠቁሮ፣ የጎን አጥንቷ ሥር ሥጋዋ ወደ ውስጥ እየተሰረጎደ፣ በቃሬዛ ተሸክመዋት እስከ መኪና መንገድ ወረዱ። እኔም መንገድ ላይ ደረስኩባቸውና አብሬ ሄድኩ። ተረፈች፤ በኦክስጅን ተረፈች። ያከማት ሐኪም ቄስ ገብሬን ወደ ጎን ጠርቶ «አባ፣ ይህቺ ልጅ የምትተኛበት ቤት እንዴት ያለ ነው?» ሲል ጠየቃቸው።

«ሞዴል ነው» አሉ።

ሐኪሙ ነገሩ አልገባውም። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ፤ አፌን ብከፍት ኖሮ ያን ዕለት ሁሉም ነገር ሌላ ይሆን ነበር። አልከፈትኩም። በሪፖርቴም ላይ «የታየው ጉድለት ተስተካክሏል» ብዬ ፈረምኩ።

ኅዳር ሳይገባ ሻጋታው ቀለሙን ሰንጥቆ ወጣ። ልጅቱ ሁለት ጊዜ ተመልሳ ሆስፒታል ገባች። በመጨረሻ ሐኪሙ «ወይ ቤቱን ለውጡ፣ ወይ ልጅቱን» አላቸው። ቤት የሚለውጥ ማን አለ? የቄስ ገብሬ እህት ወይዘሮ አስካለ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ አጠገብ ይኖራሉ፤ አገሩ ሞቃት ነው፣ ደረቅ ነው። «ደረቷ እስኪሻላት ድረስ ብቻ» ተብሎ እዚያ ተላከች። መኪና ሲሳፈሩ ደርሼ አይቻለሁ። ወይዘሮ ዘነበች መስኮቱን ይዘው «ለፋሲካ ትመጫለሽ እሺ? ለፋሲካ» ይሏታል። ለፋሲካ መጣች፤ በሦስተኛው ቀን በቃሬዛ ወረደች። ከዚያ ወዲያ አላመጧትም። እናቲቱ ነበሩ በዓመት አንድ ጊዜ፣ መንገዱና ገንዘቡ ሲፈቅድ የሚወርዱት።

እድገቴን አገኘሁ። ኃላፊውም አደገ። የተጨበጨበልን ሁሉ አደግን! እሱን ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው ምን እንደምለው አላውቅም፤ ሰላምታ ግን አልሰጠውም።

ከሰባት ዓመት በኋላ የመጨረሻው ዝውውሬ መርሐቤቴ ሆነ። አንድ ቀን የውኃ ቦኖ ልቆጣጠር በአንድ ሰፈር ሳልፍ አንዲት ረዘም ያለች ልጅ ሙሉ ጀሪካን አዝላ ዳገቱን እየሮጠች ወጣች። አላስነጠሳት፣ አላሳላት። የገባችበትን ግቢ ስጠይቅ የወይዘሮ አስካለ ነው አሉኝ። ልጅቱ ማኅሌት መሆኗን ሳውቅ ተከትያት ገባሁ። ደስታ ነው የቀደመኝ፤ እግዜር ይመስገን፣ ቆማ ትሄዳለች፣ ትተነፍሳለች።

«እናትሽ ደህና ናቸው?» አልኳት።

«እማ? ያቻትና፣ ሽንብራ እየለቀመች ነው» አለችና በአገጯ ወደ ወይዘሮ አስካለ አመለከተችኝ።

«የመንዟን እናትሽን ማለቴ ነው።»

«አ... እሷማ ደህና ናት መሰለኝ።»

ወይዘሮ አስካለ ሰምተዋል። ልጅቱ ጀሪካኑን ልታስቀምጥ ስትሄድ ሰፌዱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በቀስታ አናገሩኝ። «እኔ አላስተማርኳትም፤ ከአፏ ራሱ ወጣ። ዘነበች ስትመጣ ‹አደራሽን አክስቴ በይኝ› እያልኩ ልጅቱን እለምናታለሁ። ትረሳዋለች። ዘነበች ደግሞ ትሰማለች።»

ያን ሳምንት የዓመት ፈቃዴን ሞላሁና መንዝ ወጣሁ። ቄስ ገብሬና ወይዘሮ ዘነበች ደጅ ላይ አስቀመጡኝ። ጠላ ሊያቀርቡ ሲሉ «ቆዩ፣ መጀመሪያ ስሙኝ» ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ደረቁን መፈግፈግ እንደማይገባ አውቅ እንደነበር፣ በሩን የዘጋሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ልጅቱን ላውጣት ሲሉ ትተኛ ያልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሐኪሙ ሲጠይቅ ዝም ያልኩት እኔ እንደሆንኩ።

ቄስ ገብሬ መስቀላቸውን አወጡና «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉኝ።

«እሳቸው ይፍቱህ፣ ሥራቸው ነው» አሉ ወይዘሮ ዘነበች። እስከዚያን ቀን አንቱ ነበር የሚሉኝ። «እኔ ቄስ አይደለሁም።» ተነሥተው ከጓሮ ዶማ ይዘው መጡና እግሬ ሥር ጣሉት። «በል፣ ከየት ነው የሚቆፈረው?»

ከጀርባ ጀመርን። ግድግዳውን የተደገፈውን አፈር እስከ መሠረቱ ድረስ አነሣን፤ ወንድ ሴት ሳይባል ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ቦይ ቆፍረን በድንጋይ ሞላነው፣ ውኃው ቤቱን ዞሮ ወደ ቁልቁለቱ እንዲሄድ። የክዳኑን ጠፈጠፍ በአሸንዳ አራቅነው። ውኃውን ሳንይዝ ወደ ውስጥ አልገባንም።

ወደ ውስጥ ስንገባ ቤቱን ባዶ አደረግነው፤ ሰው፣ በግ፣ ዶሮ፣ ዕቃ፣ ሁሉም ወጣ። በርና መስኮት ተከፈተ። ወይዘሮ ዘነበች ቤቱን በደንብ ላጽዳ ብለው በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ በአንድ ባልዲ ሊቀላቅሉ ሲሉ ደርሼ ጮኽኩባቸው፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ በደቂቃ ሰው ያፍናል። ጭቃና ድንጋይ ላይ በረኪናም ቢሆን ላይ ላዩን ያነጣዋል እንጂ ሥሩን አይነካውም። ሁላችንም አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ ጓንት አጥልቀን፣ ግድግዳውን በሳሙና ውኃ አርጥበን፣ እያረጠብን ሲሚንቶውን ፈረፈርነው። ፍርፋሪው ሳይደርቅ በከረጢት ታስሮ ወጣ። ያበሰንበት ጨርቅ ተቃጠለ። ባናው በፈላ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ዋለ። ግድግዳውን ተደግፎ የኖረው ገብስ ሻግቶ ነበር፤ ቄስ ገብሬ «ለበግ እንኳ?» ሲሉ «ለበግም አይሆንም» ብዬ አስቀበርኩት። ድንጋዩ በጋውን በሙሉ እንዲደርቅ ራቁቱን ተውነውና በመጨረሻ በጭቃና በጭድ ለስነን ኖራ ቀባነው። ሁለት መስኮት ፊት ለፊት ተከፈተ። ውርጩን የፈሩትን ወይዘሮ ዘነበችን «ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ክፈቱት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዝጉት» አልኳቸው። አደረጉት፤ አንድ ቀን አላጓደሉም። አልጋውም ከግድግዳው አንድ ክንድ ራቀ።

ይኸውላችሁ፣ ይህ ሁሉ የአንድ በጋ ሥራ ነበር! ዶማ፣ ሳሙና፣ ጭቃ። ለዚህ ነው ሰባት ዓመት ያለፈው። ዛሬም በየከተማው ኮንዶሚኒየም ሳይቀር ጥግ የጠቆረበትን ሰው ስጠይቅ «ቀለም ልቀባው ነው» ይለኛል፤ አንዳንዴ ለመጮህ ይዳዳኛል።

ቀጣዩን ክረምት ግድግዳው ደርቆ ከረመ። የለጠፍኩት ላስቲክ ከሥርም ከላይም ጠብታ አላሳየም። ለፍልሰታ ማኅሌት ትምጣ ተባለ። በዚያ በከባዱ ዝናብ መሐል ከአባቷ ጋር መጣች። ወይዘሮ ዘነበች ሱፉን ራሳቸው ፈትለው ያሠሩት አዲስ ባና አልጋው ላይ ተዘርግቶ ጠበቃት። እኔም ግድግዳውን ልይ ብዬ፣ እውነቱን ለመናገር ትንፋሿን ልሰማ ብዬ፣ በማግስቱ ጠዋት ደረስኩ።

አላፏጨም። ደረቷ ንጹሕ ነው። ወይዘሮ ዘነበች በር ላይ ሲቀበሉኝ ፊታቸው በርቶ «ተኝታ አደረች! ዶክተር፣ አንዴም ሳትስል ተኝታ አደረች!» አሉኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት ድምፅ ነበር።

ልጅቱ የተቀመጠችው በርጩማው ጫፍ ላይ ነው፣ ነጠላዋን አጣፍታ። የቀረበላትን ቆሎ ጥቂት ዘግና ሳህኑን በሁለት እጇ መለሰች፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ቀና ብላ ቤቱን ዞር ዞር እያለች አየችው። ከዚያ በትሕትና፣ ሰው ቤት ያደረ ሰው እንደሚጠይቀው፣ «እትዬ ዘነበች፣ መኪናው ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው? እማ እንዳትሰጋብኝ» አለች።

ቄስ ገብሬ ወደ ውጭ ወጡ።

«ሦስት ሰዓት ላይ ነው፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ዘነበች፣ ስንቅ ሊቋጥሩላት እየተነሡ።